የትከሻ ልክ

ፍራንክፈርት፣ ዞሰንሃይም
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ዕንቁ
ደሴ

የእግዚአብሔር ሰላም ከደጃፍዎ አይራቅ። ጉልበትዎን መድኃኔዓለም ያጽናልዎ፤ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገቡበትን ዓይንዎን እንደ ማለዳ ያድርግልዎ። እኔና የእህትዎ ልጅ ሕሊና በቸርነቱ ደኅና ነን። ናፍቆቱን እርስዎም ስለሚያውቁት ወረቀት አልጨርስበትም። ዛሬ ወረቀቱ የሚያስፈልገኝ ለሌላ ነገር ነው።

እትዬ፣ እሑድ ዕለት ሲኒማ ገባሁ።

እዚህ ላይ ሲደርሱ መነጽርዎን አውልቀው፣ ጠርገው፣ እንደገና እንደሚያነቡት ይታየኛል። አልተሳሳቱም። እህትዎ ዕፀገነት ካረፈች ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከሐኪም ቤት በቀር ሰው የተሰበሰበበት ያልቆምኩት እኔ፣ ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ነጠላዬን በፌስታል አጣጥፌ በቀጥታ ሲኒማ ገባሁ። ፊልሙ የአሜሪካኖች ነው፤ አንድ ተራ ሰው ኃይል አግኝቶ መብረር የሚጀምርበት፣ ልጆች የሚወዱት ዓይነት። ቋንቋው ግን እንግሊዝኛም ጀርመንኛም አይደለም። ድምፁን አንሥተው በታሚል፣ በደቡብ ሕንድና በሲሪላንካ ሰዎች ቋንቋ፣ መልሰው ተናግረውበታል። ፖሊሱም፣ ዳኛውም፣ ቀይ ጠጉር ያላት ሕፃን እንኳ ሳትቀር ታሚል ነው የምታወራው።

እዚህ ውስጥ የከተተኝ ሴልቫም ነው። ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር የሲሪላንካ ሰው፤ እኛ በመጣንበት ዘመን ከጦርነት ሸሽቶ መጥቶ፣ ዕድሜውን በሆቴል ወጥ ቤት ጨርሶ፣ አሁን እንደኔ ጡረታ ላይ ያለ። ዕፀገነት ያረፈች ዕለት ከሁሉ ቀድሞ በሬን ያንኳኳ እሱ ነበር፤ ሚስቱ ፑሽፓም ሩዝ በድስት ይዛ ከኋላው። ማኅበራቸው ለእሑድ ቀትር አዳራሽ ተከራይቶ ኖሮ፣ ልጁ ሥራ ስለገባ አንድ ወንበር ተረፈ። ቋንቋውን አላውቅም ብዬ ላመልጠው ስል፣ "ጀርመንኛውንስ መቼ አወቅከው? አርባ ዓመት ኖርክበት አይደል?" አለኝ። ተከተልኩት።

አዳራሹን ቢያዩት ሠርግ ቤት ይሉታል። አሮጊቶቹ ጠጉራቸው ላይ ነጭ አበባ ሰክተዋል፤ ጎረምሶቹ ፊልሙ ሳይጀመር ያፏጫሉ፤ ሁሉም ኪሱን በተቀዳደደ ወረቀት ሞልቶ መጥቷል፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። መጀመሪያ ጨነቀኝ። ኋላ ግን ዕፀገነት ትዝ አለችኝ። እርስዎና እሷ ልጃገረድ ሳላችሁ ደሴ የሕንድ ፊልም ሲመጣ፣ ቋንቋውን ሳታውቁ አልቅሳችሁ ትወጡ እንደነበር ስንት ጊዜ ነግራኛለች። ከተጋባን በኋላም ክንዴን ይዛ በጆሮዬ ትተርክልኝ ነበር። "ይቺ እናቱ ናት፤ እሱ ግን አላወቃትም" ትለኛለች፤ መጨረሻው ላይ እናቱ ሆና ትገኛለች። አፋቸውን ትተህ ፊታቸውን እይ ነበር ምክሯ። እኔም እንደዚያው አደረግሁ፤ እትዬ፣ አንድም ነገር ሳይቀር ገባኝ።

ሰውየው ከቆቡ እስከ ጫማው ጥቁር የለበሰ፣ ብቻውን የሚኖር ነው። አልጋው ራስጌ የአንዲት ሴት ፎቶ አለ። ጧት ሲነሣ ያየዋል፤ ሲወጣ በጣቱ ይነካዋል። ሚስቱ ናት፤ ሞታለች። ማንም አልነገረኝም፤ ግን በሕይወት ያለች ሰው ፎቶ እንደዚያ አይነካም። ሥራው የፎቅ መስኮት መወልወል ነው። እዚህም መሃል ከተማ፣ ኢነንሽታት፣ በገመድ ተንጠልጥለው የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ እኔ ከውስጥ ወለሉን ሳጸዳ ስንቱን በመስታወት በኩል ሰላም ብያለሁ። ይህ ሰው ግን ያለ ገመድ ነው የሚወጣው። በመስኮት ይገባል፤ ከረጢት ተሸክሞ ይወጣል። ደግ ሰዎች የተረፋቸውን ይሰጡታል ማለት ነው፤ ለኔም ብዙ ጊዜ ሰጥተውኛል። ታዲያ የትም ቢገባ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ጥቁር ለብሶ ይሄዳል፤ ጥቁር ለብሶ ይመለሳል።

አንድ ቀን በአንዲት አሮጊት መስኮት ገባ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ክፍሏ በጨርቅና በክር ተሞልቷል፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ፣ ቁርጥ እርስዎን። አልጮኸችም። ወንበር ሰጠችው፣ ሾርባ ሰጠችው፣ ብዙ ተናገረችው፤ እሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና ትከሻውን ለካች። ያኔ ምን ልታደርግ እንደሆነ ከአዳራሹ ሁሉ ቀድሜ አወቅሁ። ጥቁሩን ኮት በገዛ እጇ አወለቀችለት። እንደ አደይ አበባ የቢጫ ቢጫ የሆነ ልብስ አለበሰችው። የመጨረሻውን ቁልፍ ስትቆልፍለት ደረቱ ላይ ብርሃን ቦግ አለ፤ ሰውየው ከመሬት ተነሣ።

አዳራሹ አበደ። ያ ሁሉ የተቀደደ ወረቀት እንደ በረዶ ወረደብን። ሴልቫም በሁለት ጣቱ ያፏጫል፣ ፑሽፓም ወንበሯ ላይ ወጥታ ታጨበጭባለች፤ እኔም፣ አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ ለካ ቆሜ እያጨበጨብኩ ኖሯል። እንባዬም ይወርዳል።

ኀዘንተኛ ከሉን ራሱ አያወልቅም፤ ዘመድ ነው የሚያወልቀው። ይህን አሜሪካኖች ከየት አወቁት? እኔ እንደሆንኩ ያው ነኝ። በቀብሯ ሰሞን በስልክ "እኔ መጥቼ ሳላወልቅህ ጥቁሩን እንዳታወልቅ" ያሉኝን ይዣለሁ። ቪዛው አልሆነም፤ ሦስተኛ ዓመቷም አለፈ። የጻፍኩት ግን ይህን ለማለት አይደለም። ፊልሙን ልነግርዎ ብዬ ነው።

ደብዳቤውን እንደ ወትሮው ሕሊና ፎቶ አንሥታ ወደ ተከራይዎ ወደ ጉልላት ስልክ ትልከዋለች።

የእህትዎ ባል
ዓምደ ሚካኤል


ደሴ
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዓምዴ፣ ለወንድሜ

በሰው አገር ሰው አያሳጣህ። ሕሊናን እንደ ስሟ ያድርግልህ። እኛ ብርዱ ገብቶብን ከጉልበቴ ጋር እየተነታረክን አለን።

ደብዳቤህን ጉልላት አትሞ አመጣልኝ። የግቢዬን ተከራይ ታውቀዋለህ፤ ፒያሳ በፍላሽ ፊልም እየጫነ የሚሸጠው፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ዛሬም ፊልም ሲባል ጆሮው የሚቆመው። አትሞ ከማምጣቱ በፊት አንብቦት ኖሯል። "እማማ ዕንቁ፣ ከዚያስ ምን ሆነ?" እያለ ቀኑን ሙሉ ፈጀኝ።

ልቆጣህ ቁጭ ብዬ ነበር። ሰው ጥቁር ለብሶ፣ ፉጨትና ጭብጨባ መሃል ይቆማል? እኔ ለማንም አልተነፈስኩም። ነገር ግን የጉልላት ሚስት ሓርነት ሰምታለች፤ ሓርነት ሰማች ማለት ደግሞ ሆጤ ሰፈር በሙሉ ሰማ ማለት ነው። ትናንት አንዷ ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ "የፍራንክፈርቱ ዘመድዎ እንዴት ናቸው?" ስትለኝ አነጋገሯ ደስ አላለኝም።

ሌላው፣ ይቺ ሰፊ ነች ያልካት ሴትዮ ነገር አልገባኝም። ትከሻ ብቻ ለክቶ ልብስ የሚሰፋ ማነው? ደረቱስ? እጅጌውስ? ልብሱ ገበር አለው ወይ? ያለ ገበር ሰው ሲበር ነፋሱ ይጫወትበታል። ደግሞ ያን ያህል ቢጫ ቶሎ ይቆሽሻል።

ያ የጉልበት ቅባት አልቋል፤ መንገደኛ ካገኘህ ላክልኝ። የፊልሙን ስም ጉልላት ይፈልጋል፤ ጻፍለት። እኔ ደግሞ የምጠይቅህ ይህ ነው፤ ለበሰ፣ ተነሣ፣ ከዚያስ? ሰውን አጓጉቶ መሃል ላይ መቁረጥ ከማን የተማርከው ነው?

በመጨረሻ ስለጻፍከው ነገር አሁን ምንም አልልም።

ዕንቁ


ዞሰንሃይም
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዕንቁ

ጾመ ነቢያትን በጤና የምንጀምርበት ያድርገን። ቅባቱን ሳሕለ ይዞልዎት ይመጣል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነው፣ ለገና አገር ቤት ይገባል፣ ከጥምቀት በፊት ይመለሳል።

ስሙን ሴልቫምን ብጠይቀው እንደ ባቡር የረዘመ ነገር ነገረኝ፤ ይዤው ቤቴ ሳልደርስ ጠፋብኝ። ለጉልላት መስኮቱንና ቢጫውን ልብስ ይንገሩት። ገበሩን በተመለከተ፣ ሲበር ክንዱ ስር ብልጭ ብሎ አይቻለሁ፤ አለው። ሰማያዊ ነው።

ከዚያማ ከተማውን ከላይ ዞረ። አንድ ሀብታም ሰው ድልድዩን በማሽን ሊያፈርስ ሲል፣ ሰውየው ድልድዩን በጀርባው ደግፎ ሕዝቡ እስኪሻገር ቆመ። ፑሽፓም ክንዴን ይዛ ጨመቀችው፤ እሷም ልክ እንደ ዕፀገነት በጆሮዬ ትተርክልኛለች፣ በታሚል። እኔም በአማርኛ "አይዞሽ፣ ይወጣል" እላታለሁ። ወጣ። መጨረሻው ግን ከሁሉ ይበልጣል። ያ ዘወትር በመስኮት የሚገባ ሰው ወደ አሮጊቷ ቤት ተመለሰ፤ በዚህኛው ቀን በሩን አንኳኳ። በበር ገባ። በእጁ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ ሰጣት። ምን እንደሆነ ሳያሳዩን መብራት በራ። ሕዝቡ እሪ አለ። እስካሁን ያ ጥቅል ምን ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

አዳራሹን ወረቀት ሞልቶት ነበር። ባለቤቱ ካውሲዮን፣ ማለትም መያዣ ይዞባቸዋል፤ ካልጸዳ አይመልስም። እኔ መጥረጊያ ሳይ መቼ እጄ ያርፋል? አንዱን መጥረጊያ ቀማሁ። እየጠረግን ሁሉም ስለ ፊልሙ ያወራል፤ ሴልቫም "ምን ያህሉ ገባህ?" ቢለኝ "ሁሉም" አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

አላርፍም ብሎኝ ለነፍስ አባቴ ለአባ ለተኪዳን ተናገርኩ። ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ልብሱ ጋ ስደርስ ዝም ብዬ ባቆም "ከዚያስ?" አሉ። ድልድዩንም ነገርኳቸው። በሲኒማው አልተቆጡኝም፤ ከቅዳሴ ወጥተህ ነው፣ በቅዳሴ ሰዓት አይደለም አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ኮቴ ላይ አሳርፈው "ይህን ጥቁር መቼ ነው የምታወልቀው?" አሉኝ። መልሱ እኔ ዘንድ አይደለም።

ዓምደ ሚካኤል


ዞሰንሃይም
ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዕንቁ

ጾሙን ያስፈጽምዎ። ሳሕለ ቅባቱን እንዳደረሰ ነግሮኛል። "እጅ ነሥተው ተቀበሉኝ፣ ወዲያው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ" አለኝ። ከርስዎ ግን ወር አለፈ፣ መስመር አልመጣም።

ያስቀየምኩዎ መሰለኝ። የአባን ጥያቄ መጻፍ አልነበረብኝም፤ ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ከትቼ የራሴን ነገር የላክሁት መሰለብዎት። ራሴን ስመረምረው ውሸት አይደለም። ግን ስሙኝ። ከሉ አልከበደኝም፤ ከተፈለገ እስከ ዕለተ ሞቴ እለብሰዋለሁ። የከበደኝ ሌላ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ሲለኝ ዕፀገነት አጠገቤ ነበረች። ቤት ገብቼ መስታወት ውስጥ ጥቁሩን ሳየው ሄደች። ይህን ለማን ልናገረው? ለሕሊና ብነግራት "ፓፓ፣ ዳን ትሲ ዶኽ ዋስ አንደረስ አን" ትለኛለች፣ ታዲያ ሌላ ልበስ እንደማለት። እሷ ዘንድ ልብስ ልብስ ነው። አልፈርድባትም።

ሌላ ነገር አልጠይቅዎትም። ደኅና ነኝ ብቻ ይበሉኝ።

ዓምደ ሚካኤል


ደሴ
ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዓምዴ

ደኅና ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ ጭንቀታም ነህ።

ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ልልህ አስቤ ነበር። ጉልላት ግን "ኔት አለ እኮ እማማ" አለኝ። ስለዚህ እውነቱን፦ ተቆጥቼ ነበር። በማን እንደተቆጣሁ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

ፊልሙን አየሁት። ጉልላት ከመስኮቱና ከቢጫው ተነሥቶ ፈልጎ አገኘው፣ በአማርኛ ተተርኮ። እዚህ የምናየው እንዴት መሰለህ፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ይተርክልሃል፤ ወንዱንም ሴቷንም ሕፃኑንም በአንድ ጉሮሮ፤ መሃል ላይም የራሱን ቀልድ ጣል ያደርጋል። ጉልላት፣ ሓርነት፣ ልጆቻቸውና እኔ ተሰብስበን አየን። በጾም ፊልም ማየቴ ግማሹ ኃጢአት ያንተ ነው።

ወንድሜ፣ ሰውየው ሌባ ነው።

መስኮት አይወለውልም። ጥቁር የሚለብሰው እንዳይታይ ብሎ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የሰው ወርቅ ነው፤ ደግ ሰዎች የሰጡት ትራፊ አይደለም። ፎቶዋም ሚስቱ አይደለችም፣ እህቱ ናት፤ ያውም አልሞተችም፣ እስር ቤት ናት፤ በክፍል ሁለት ትወጣለች ይላል ጉልላት። አሮጊቷ ደግሞ ሰፊ ሳትሆን የሳይንስ ሰው ናት። እኔም ስፌቷን አይቼ ጠርጥሬያለሁ። ትከሻውን የለካችው መብረሪያው ለቀጭን ሰው ብቻ ስለሚሆን ነው፤ ያለበሰችው ራሷ ልትሞክረው ፈርታ ነው። "ብዙ ተናገረችው፣ አንገቱን ደፋ" ያልከኝ ዛቻ ነበር። ተራኪው እዚያ ላይ "ወይ ትበራለህ፣ ወይ ትታሰራለህ" ሲል ጉልላት ከወንበሩ ወደቀ። ያ በወረቀት የተጠቀለለውም የማሽን ዕቃ ነው ይላል።

ሓርነት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ጋሼ ዓምደ ሚካኤል ሌላ ፊልም ነው ያዩት" አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በማግስቱ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ደብዳቤህን ደግሜ አወጣሁት። ሌላ ፊልም ማየትህስ እውነት ነው። ታዲያ ያንን ማን ሠራው? አሜሪካኖች አልሠሩትም፤ ሕንዶቹም አልተናገሩትም። ሰው አንድ ነገር ሦስት ዓመት አፍኖ ሲይዝ ሌባ ላይ እንኳ ያየዋል።

የተቆጣሁት በራሴ ነው። አንተ ቃሌን ጠብቀህ ተቀመጥክ፤ እኔ ቪዛው ሲቀር ቃሉም አብሮ እንደቀረ አስመስዬ ዝም አልኩ። ምክንያት ነበረኝ፣ ደግ ምክንያት ባይሆንም። አንተ ጥቁር ለብሰህ ሳለህ እህቴ ትናንት የሞተች ይመስለኛል፤ ትናንት የሞተ ሰው ደግሞ ገና ሩቅ አልሄደም። ካወለቅክ ትርቅብኛለች ብዬ ፈራሁ። አንተ ግን ስትደሰት አጠገብህ እንደነበረች፣ ጥቁሩን ስታይ እንደሄደች ጻፍክልኝ። ለኔ ያልታየኝ ይህ ነው።

በል ስማኝ። ቅባት አትላክ፤ ሌላም ነገር አትላክ። የምፈልገው የትከሻህን ልክ ነው። ደረትህንና እጅጌህንም ጨምር፤ እኔ እንደዚያች ሴትዮ በትከሻ ብቻ አልሰፋም።

ዕንቁ


ዞሰንሃይም
ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዕንቁ

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ምን ብዬ እንደምመርቅዎ አላውቅም፤ የዕፀገነት አምላክ ይመርቅዎ።

ሌባ ነው? መስኮቱን ሳይወለውል ነው ያ ሁሉ መስታወት? ሴልቫምን ጠየቅሁት። "አዎ፣ ሌባ ነው፤ አንተስ ምን መስሎህ ነበር?" አለኝ። ነገርኩት። ሚስቱን ጠርቶ በታሚል ተረከላት። ፑሽፓም አልሳቀችም። ወጥታ ሄዳ ሜትር አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ተመለሰች።

ትከሻ 46፣ እጅጌ 61፣ ደረት 104። ደረቱን ትንፋሽ ስቤ ስለሆነ ትንሽ ይቀንሱበት።

ዓምደ ሚካኤል


ደሴ
ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዓምዴ

ሳሕለ ቸኩሏል፣ አጭር ነው የምጽፈው። ሸሚዙ ነጭ ነው። ቢጫ እንዳትለኝ፤ ትልቅ ሰው ነህ። ገበር የለውም፤ አትበርም።

ራስህ እንዳትለብሰው። ሕሊናም አታልብስህ፤ ይህ የታላቅ ሥራ ነው። ያቺን ፑሽፓምን ለምንልኝ። ድስት ይዞ ለቅሶ የደረሰ ዘመድ ነው፤ የኔ እጅ ሆና ታወልቅህ፣ ታልብስህ። ከዚያ ጥምቀትን በአዲስ ልብስ ዋል። ለእህቴም ከመቃብሯ ሄደህ፣ ዕንቁ አወለቀችኝ በላት።

ጉልላት ስሰፋ ፎቶ አንሥቶኛል፤ ፊልም የሚሠራ መስሎታል። ለሕሊና ይልክላታል።

ዕንቁ


ዞሰንሃይም
ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዕንቁ

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰዎ። እጅዎ አይዛል፤ የነካው ሁሉ ይባረክ። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርዎ፣ ሳልቆርጥ።

የከተራ ዕለት ጧት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት፣ ፑሽፓምና ሴልቫም ለባብሰው ወረዱ። የነሱም የመኸር በዓል ሰሞን ነበር። ሕሊና የርስዎን መልእክት በጀርመንኛ ነገረቻቸው። ፑሽፓም ሸሚዙን ተቀበለች። ልታለብሰኝ ነው ስል አንገትጌውን ገለበጠችና ከትንሽ ዕቃ እርጥብ እርድ በጣቷ ጠቅሳ ውስጡ ላይ ቀባች። ሕሊና "ናይን!" ብላ ብድግ አለች። እኔም ደነገጥኩ፤ የርስዎ ስፌት፣ ያን የመሰለ ነጭ። ሴልቫም ነው ያረጋጋን፤ በነሱ ወግ አዲስ ልብስ እርድ ሳይነካው ገላ አይነካም። ቢጫ ይሁንልኝ ሳልልዎት፣ በዚህም በዚያም ብሎ ቢጫው ገባበት። እንዳይቆጡ።

ከዚያ ጥቁሩን ኮት አወለቀችልኝ። ሹራቡንም። አጣጥፋ ወንበር ላይ አኖረችው፤ አልጣለችውም። ሸሚዙን አለበሰችኝ፤ አንድ በአንድ ስትቆልፍልኝ በታሚል ብዙ ተናገረች። ከዚያ ፊልም በኋላ ገባኝ ለማለት እፈራለሁ፤ ሌባ ብላኝም ይሆናል። ግን ዓይኗ እርጥብ ነበር።

ከመሬት አልተነሣሁም፣ እትዬ። ደረጃውን ስወርድ ግን ጉልበቴ አልተሰማኝም። ታች ስደርስ ሴልቫም ከላይ በሁለት ጣቱ አፏጨ። ቀና ብል፣ ለካ ኪሱን ሞልቶ ነው የመጣው፤ ያን የተቀደደ ወረቀት ከሦስተኛ ፎቅ ለቀቀብኝ። ጀርመኗ ጎረቤታችን በሯን ከፍታ ምን መጣ አለች። የዚያ ሳምንት ደረጃ የማጽዳት ተራ ደግሞ የኔ ነው። መጥረጊያ አምጥቼ በአዲስ ሸሚዜ እየሳቅሁ ጠረግሁት፤ እሷም አንድ ወረቀት ከጠጉሬ አንሥታ ሰጠችኝ።

አባ ለተኪዳን ሲያዩኝ መስቀላቸውን ትንሽ ጠበቅ አድርገው አሳለሙኝ። በማግስቱ ከመቃብሯ ሄጄ መልእክትዎን አደረስኩ። አልራቀችም።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። ጉልላት የላከውን ፎቶ ሕሊና አጉልታ አሳየችኝ። ነጩ ሸሚዝ መኪናው ላይ ነው። የሰፉት እጆች እጅጌ ግን ጥቁር ነው። ቀሚስዎ ጥቁር፣ ሻሽዎ ጥቁር። የሰሞኑ ነው ብዬ ለራሴ ብነግረውም አላሳመነኝም፤ ጉልላትን ጠየቅሁት። "ከእትዬ ዕፀገነት ጀምሮ አውልቀው አያውቁም። ታላቅ የላቸውም፤ ማን ያውልቃቸው?" አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነው እኔን ዝም አሉኝ።

እርግጥ ነው፣ በዕድሜ ታናሽዎ ነኝ። ግን የዕፀገነት ባል ነኝ፤ የኀዘኑ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ላወልቅዎ መብት አለኝ። እጄ ትሆን ዘንድ ሓርነትን ለምኛታለሁ፤ እሺ ብላለች፤ ስለዚህ ሆጤም ሰምቷል። ለፋሲካ የሚገባ መንገደኛ አለ። ፑሽፓም ጨርቁን መርጣለች፤ ከአደይ ትንሽ ፈዘዝ ያለ ነው፣ ለትልቅ ሰው የሚሆን፤ እርዱንም እዚሁ ቀብታ ነው የምትሰጠኝ።

ያ ሰው በበር ይዞ የገባውን ጥቅል ጉልላት የማሽን ዕቃ ነው ይበል። ምን እንደነበረ እኔ አውቄዋለሁ።

እትዬ፣ የትከሻዎ ልክ ስንት ነው?

ዓምደ ሚካኤል